የእርምጃ ቆጣሪያችሁን ከማመናችሁ በፊት፦ ሴንሰሩን ራሳችሁ የምትፈትሹበት ዝርዝር መመሪያ

ግድግዳው ላይ አስር ደቂቃ የሚቀድም ሰዓት የተሰቀለበት ቤት ታውቁ ይሆናል። የቤቱ ሰው ሁሉ አመሉን ያውቀዋል። አየት አድርጎ አስር ይቀንስና ይሄዳል። አሁን ደግሞ አንድ ቀን አምስት ደቂቃ የሚቀድም፣ በማግስቱ አምስት ደቂቃ የሚዘገይ ሰዓት አስቡ። በአማካይ ሲታይ ከመጀመሪያው ይሻላል። ግን ማንም አይጠቀምበትም።

እጃችን ላይ የምናስረው ወይም ኪሳችን ውስጥ የምንከተው እንቅስቃሴ ለኪም ከሁለቱ አንዱን ይመስላል። ብዙዎቻችን የትኛውን እንደሚመስል ሳናውቅ ነው በቁጥሩ የምንደሰተው ወይም የምንከፋው። እኔን ይህ ነገር ያሳስበኛል። ከሕመም እያገገመ ያለ ሰው «ዛሬ ከትናንት በለጥኩ» የሚለው በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከዋሸው ያለ ምክንያት ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይም ያለ ምክንያት ይዘናጋል።

ደግነቱ ፍተሻው ላብራቶሪ አይፈልግም። አምስት ጠጠር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ እንዲሁም 50 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ መንገድ ይበቃል። ዋናው የሚጠይቃችሁ ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ ሁለት ቃላት እንለይ

ትክክለኛነት ማለት ሴንሰሩ የሚናገረው ከእውነቱ ጋር መግጠሙ ነው። 500 እርምጃ ሄዳችሁ 500 ካለ ትክክል ነው። አስተማማኝነት ደግሞ ያንኑ ነገር ደጋግማችሁ ስትሠሩ ያንኑ ቁጥር መስጠቱ ነው። 500 ሄዳችሁ ሁልጊዜ 480 የሚል መሣሪያ ትክክል አይደለም፤ ግን አስተማማኝ ነው። ልክ እንደዚያ እንደሚቀድመው ሰዓት ልታርሙት ትችላላችሁ። በየጊዜው ሌላ ቁጥር የሚሰጠውን ግን በምን ታርሙታላችሁ?

ስለዚህ በዚህ መመሪያ ከትክክለኛነት ይልቅ አስተማማኝነትን አስቀድማለሁ።

ውስጡ ምን አለ?

የአብዛኞቹ መሣሪያዎች ልብ አክስለሮሜትር ነው። በሲሊከን ላይ የተቀረጸ እጅግ ትንሽ ክብደት አለው። ስንንቀሳቀስ ክብደቱ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜውም ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይቀየራል። ይህ በሦስት አቅጣጫ ይለካል። ለምርምር የተሠሩት ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ30 እስከ 100 ጊዜ ያህል ይመዘግባሉ።

እስከዚህ ድረስ «እርምጃ» የሚባል ነገር የለም። ሴንሰሩ እርምጃን አያውቅም። የሚያውቀው መወዛወዝን ብቻ ነው። ውዝዋዜውን አይቶ «ይህ እርምጃ ነው» ብሎ የሚወስነው ሶፍትዌሩ ነው። ውሳኔውን የሚሰጥበት ቀመር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአምራቹ ምስጢር ነው። ለዚህ ነው እናንተ ምንም ሳትለወጡ፣ አፕዴት ከተደረገ በኋላ ቁጥሩ ሊለወጥ የሚችለው።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ቁጥር እንደምትፈልጉ ወስኑ

ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ቁጥሮች እኩል እምነት አይገባቸውም። እርምጃ በአንጻሩ የተሻለው ነው። የንቁ እንቅስቃሴ ደቂቃዎች ይከተላሉ። ካሎሪ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም በጣም ርቆ።

በ2017 የወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እጅ ላይ የሚታሰሩ 7 መሣሪያዎችን በ60 በጎ ፈቃደኞች ላይ ፈትኖ ነበር። የልብ ምትን ስድስቱ ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለኩ። የተቃጠለ ካሎሪ ላይ ሲደርሱ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ሳተ። ከሁሉ የባሰው 93 በመቶ።

ምክንያቱ ሲታሰብ አይገርምም። ሁለት ሰው እኩል እየተራመደ አንዱ ከባድ ሻንጣ ቢሸከም፣ እጅ ላይ ያለው ሴንሰር ሸክሙን አያይም። ዳገት ስትወጡም ሰውነታችሁ የሚከፍለውን ዋጋ በደንብ አይረዳም። ስለዚህ ሰዓቱ «400 ካሎሪ አቃጥለሃል» ስላለ 400 ካሎሪ ጨምራችሁ አትብሉ። እኔ የካሎሪውን ገጽ ከስክሪኔ ላይ አንስቼዋለሁ።

ደረጃ 2፦ ቦታውን አንድ አድርጉት

መሣሪያውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ እሰሩት። ብዙም የማትሠሩበት እጅ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ማሰሪያው መላላት የለበትም፤ ሰዓቱ እጃችሁ ላይ ራሱን ችሎ የሚወዛወዝ ከሆነ የሚለካው የራሱን ውዝዋዜ ነው። ስልክ ከሆነ አንድ ኪስ ምረጡ። አንድ ቀን ኪስ፣ አንድ ቀን ቦርሳ ውስጥ ከሆነ የሚነጻጸር ቁጥር አታገኙም።

ቁመታችሁን፣ ክብደታችሁንና መሣሪያውን የምታስሩበትን እጅ በሴቲንጉ ላይ በትክክል አስገቡ። የሶፍትዌሩን ቨርዥንም ወረቀቱ ላይ ጻፉት። በኋላ ይጠቅማችኋል።

ደረጃ 3፦ ዝም ሲባል ዝም ይላል?

መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ለአንድ ሰዓት አትንኩት። አንድም እርምጃ መጨመር የለበትም።

ስልክ ያላችሁ ከዚህ አንድ እርምጃ ጠለቅ ማለት ትችላላችሁ። የሴንሰሩን ጥሬ ቁጥር የሚያሳዩ ነጻ አፖች አሉ። ስልኩን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኙት። ከሦስቱ አቅጣጫዎች አንዱ ወደ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይጠጋል፤ ሁለቱ ወደ ዜሮ። ይህ የመሬት ስበት ነው። በፊቱ ስትደፉት ያው ቁጥር በኔጌቲቭ ይመጣል። በጎን፣ በአናቱ፣ በግርጌው እያቆማችሁ ስድስቱንም ገጽ ሞክሩ። 9.7 ወይም 9.9 ቢል አትጨነቁ። ወሳኙ በሌላ ቀን ስትደግሙትም ያንኑ ማለቱ ነው። መሬት ከሁሉ የተሻለች መመዘኛ ናት፤ ስበቷ ከቀን ወደ ቀን አይዋዥቅም።

ቀጥሎ በመኪና ስትሄዱ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አሳርፉና ከመነሳታችሁ በፊትና ከደረሳችሁ በኋላ ቁጥሩን ጻፉ። እየነዳችሁ ግን አትሞክሩት፤ ተሳፋሪ ስትሆኑ ነው። ኮረኮንች መንገድ ላይ የሚቆጥር መሣሪያ ተቀምጣችሁ የሄዳችሁትን መንገድ በእግር የሄዳችሁት ያስመስለዋል።

ደረጃ 4፦ የ500 እርምጃ ፈተና

የሁሉም እምብርት ይሄ ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

አምስት ጠጠር በቀኝ ኪሳችሁ ያዙ። መሣሪያው የሚያሳየውን ቁጥር ጻፉ። ከዚያ በተለመደው አረማመዳችሁ ሂዱ፤ እርምጃችሁን በአፋችሁ ቁጠሩ። 100 ሲሞላ አንድ ጠጠር ወደ ግራ ኪስ አዛውሩና እንደገና ከ1 ጀምሩ። ጠጠሩ ሲያልቅ 500 ሞላ ማለት ነው። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። አንዳንድ መሣሪያ ቁጥሩን ዘግይቶ ነው የሚያሳየው። ከዚያ ጻፉ። ወሬ የሚያበዛ ጓደኛ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ቆጠራው ይጠፋባችኋል።

ይህን አምስት ጊዜ ድገሙ። የግድ በአንድ ቀን መሆን የለበትም።

አሁን ቁጥሮቹን እንይ። ለማስረዳት ያህል እኔ ያዘጋጀኋቸው ሁለት ምሳሌዎች እነሆ። የመጀመሪያው መሣሪያ 480፣ 478፣ 483፣ 481፣ 479 አለ እንበል። ሁለተኛው 500፣ 462፣ 531፣ 498፣ 509። የሁለተኛው አማካይ ልክ 500 ነው! የመጀመሪያው 480.2 ብቻ። ከእውነተኛው 500 በየጉዞው ስንት እንደራቁ ብታሰሉም ሁለተኛው ያሸንፋል፤ በአማካይ በ3.2 በመቶ ይስታል፣ የመጀመሪያው ግን በ4 በመቶ። ማስታወቂያ ላይ ቢወጣ ሁለተኛው «97 በመቶ ትክክል» ተብሎ ይሸጣል።

እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። በትልቁና በትንሹ ቁጥሩ መካከል ያለው ልዩነት 5 ብቻ ነው። የሁለተኛው 69 ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር በ1.04 ካባዛችሁት ወደ 500 ይጠጋል፤ ሁልጊዜ። የሁለተኛውን በምንም ብታባዙት አይስተካከልም።

እዚህ ላይ አንድ ሐቀኛ ጥያቄ ይነሳል። የሁለተኛው ስህተት አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሲደመር አይጣፋም ወይ? ስህተቱ እንዲያው የአጋጣሚ ከሆነ አዎ፣ በአብዛኛው ይጣፋል። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያት አለው። 462 ባለበት ጉዞ እጃችሁን ኪስ ከትታችሁ ነበር ይሆናል። 531 ባለበት ስልክ እያወራችሁ እጃችሁን ታወናጭፉ ነበር ይሆናል። እንዲህ ያለ ስህተት አይጣፋም፤ ልማዳችሁን ተከትሎ ይከማቻል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉዞ ጎን ምን ስታደርጉ እንደነበር በአንድ መስመር ጻፉ። ወጣ ያለ ቁጥር ስታዩ መልሱ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ስንት ስህተት ይፈቀዳል? የጃፓን የኢንዱስትሪ ደረጃ ለእርምጃ ቆጣሪ ያስቀመጠው ጥብቅ ነው፤ ከ100 እርምጃ 3 ስህተት ብቻ። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ በላብራቶሪ እስከ 5 በመቶ፣ በዕለት ተዕለት ኑሮ እስከ 10 በመቶ ይታገሳሉ።

ደረጃ 5፦ የሚከብደውን ስጡት

በመካከለኛ ፍጥነት ቀጥ ባለ መንገድ መቁጠር ለማንም መሣሪያ ቀላል ነው። ፈተናው ከዚያ ውጭ ነው።

ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። በለካችሁት 50 ሜትር ላይ 60 ሰከንድ ከፈጀባችሁ ፍጥነታችሁ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ በታች ሲወረድ የሰውነት ውዝዋዜ ይደክማል፤ ወገብም ሆነ እጅ ላይ ያሉ ብዙ መሣሪያዎች እርምጃ መጣል ይጀምራሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀስ ብሎ የሚራመደው ማነው? አዛውንቱ፣ ከቀዶ ሕክምና የተነሳው፣ ስትሮክ የመታው። እያንዳንዷ እርምጃ ልትቆጠርለት የሚገባው ሰው ላይ ነው መሣሪያው የሚሰንፈው። ወላጆቻችሁ እንዲጠቀሙበት ከፈለጋችሁ ፈተናውን በእነሱ አረማመድ አድርጉ፤ አብራችኋቸው እየሄዳችሁ እናንተ ቁጠሩ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ሴንሰር ብዙ ጊዜ ከእጁ ይሻላል፤ እግር ቀስ ቢልም መነሳቱ አይቀርም።

ቀጥሎ እየቆማችሁ ሂዱ። አምስት እርምጃ ተራመዱ፣ ትንሽ ቁሙ፣ ደግሞ አምስት። ይህን 20 ጊዜ ብትደግሙ 100 እርምጃ ይሆናል። ብዙ ሶፍትዌሮች በስህተት እንዳይቆጥሩ ብለው ተከታታይ እርምጃዎች እስኪያዩ ይጠብቃሉ። ጠባብ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚውል ሰው ድካሙ የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። ጋሪ ወይም የሕፃን ተሽከርካሪ ስትገፉ እጃችሁ ስለማይወዛወዝ የእጅ ሰዓት ይጥላል። ትሬድሚል ላይ መደገፊያውን ስትይዙም ያው ነው። በብስክሌት ጊዜ እጅም ወገብም ብዙ አያዩም፤ ጭን ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር ነው የሚያየው። በተቃራኒው ስታጨበጭቡ ወይም ልብስ በእጅ ስታጥቡ የእጅ ሰዓት ያልሄዳችሁትን ሊቆጥር ይችላል። ከእነዚህ መካከል በኑሯችሁ ውስጥ የሚበዛውን መርጣችሁ ፈትኑ። ሁሉንም መሞከር አያስፈልግም።

ደረጃ 6፦ መሣሪያን ከመሣሪያ

ሁለት አንድ ዓይነት መሣሪያ ካገኛችሁ ሁለቱንም አንድ እጅ ላይ አስጠግታችሁ እሰሩና የ500ውን ፈተና ድገሙ። ከዚያ ቦታ አቀያይሩና አሁንም ሂዱ። ልዩነቱ ከቦታው ጋር ከቀረ ጥፋቱ የአስተሳሰሩ ነው። ከመሣሪያው ጋር ከተጓዘ የመሣሪያው ነው። አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ አስራችሁ ግን አትፍረዱ፤ ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም።

ደረጃ 7፦ ስንት ቀን ይበቃል?

እስካሁን የፈተንነው መሣሪያውን ነው። አሁን ደግሞ የሚዋዥቀው ሰውየው ራሱ ነው። ሰኞ ሲሮጥ የዋለ እሑድ ሲተኛ ይውላል። በአንድ ቀን ልኬት የሰውን ልማድ መናገር አይቻልም፤ መሣሪያው እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ።

በምርምር የተለመደው 7 ቀን ማሰር ነው። ቢያንስ 10 ሰዓት የታሰረበት ቀን «ሙሉ ቀን» ይባላል፤ እንዲህ ያለ ቢያንስ 4 ቀን ይፈለጋል። የዕረፍት ቀን ቢካተትበት ደግ ነው። ሴንሰሩ ለ60 ደቂቃ ተከታታይ ዜሮ ካሳየ ብዙ ጊዜ «አውልቆት ነበር» ተብሎ ይታለፋል። እናንተም ያወለቃችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ አለዚያ የተኛ ሰዓትና የተረሳ ሰዓት አይለዩም።

ጥናት ለምትሠሩ ተማሪዎች ጥሩ ስሌት አለ። አስተማማኝነት በአይሲሲ (ICC) ይገለጻል፤ የአንድ ሰው ልኬቶች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ የሚያሳይ፣ ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ቁጥር ነው። 0.8 ብዙዎች የሚያነጣጥሩበት ነው። በሙከራ ቡድናችሁ ላይ የአንድ ቀን አይሲሲ ስንት እንደሆነ አስሉ። ያንን ከ1 ቀንሱ፣ ውጤቱን ለራሱ ለአይሲሲው አካፍሉ፣ ከዚያ በ4 አባዙ። የአንድ ቀኑ 0.5 ከሆነ 4 ቀን ይበቃችኋል። 0.4 ከሆነ 6 ቀን። ብዙ ሰው ከሌላ ጥናት ላይ የቀናት ቁጥር ገልብጦ ይሄዳል። ይህን ባታደርጉ ደስ ይለኛል፤ የእናንተ ሰዎች አኗኗር የተለየ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ ለተመራማሪዎች ሁለት ወጥመዶች

የመጀመሪያው ቦታን መቀላቀል ነው። በ1998 የወጣውና እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው የተመራማሪዋ የፍሪድሰን መለኪያ በደቂቃ 1,952 ቆጠራን (እርምጃን ሳይሆን ሴንሰሩ የመዘገበውን የውዝዋዜ መጠን) የመካከለኛ እንቅስቃሴ መነሻ ያደርጋል። ያ ግን ለወገብ ነው። እጅ ላይ በታሰረ ሴንሰር ላይ ከጫናችሁት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሥራ የሚሠራውንም ስፖርተኛ ታደርጉታላችሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤናና የሥነ ምግብ ዳሰሳ ከ2003 እስከ 2006 በወገብ ለካ፤ ከ2011 እስከ 2014 ደግሞ በእጅ። ሰዎች የወገቡን ያወልቁት ስለነበር ነው የተለወጠው። ጥሩ ለውጥ ነው፤ ግን የሁለቱን ዘመን ጥሬ ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም።

ሁለተኛው ተዛምዶን፣ ማለትም ሁለት ቁጥሮች አብረው መውጣትና መውረዳቸውን፣ ስምምነት አድርጎ ማየት ነው። አንዱ መሣሪያ ሁልጊዜ የሌላውን ግማሽ ቢቆጥር ተዛምዷቸው ፍጹም 1 ይሆናል፤ ግን አይስማሙም። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ብላንድና አልትማን በ1986 ያቀረቡትን ሥዕል ሥሩ። የሁለቱን ልዩነት ከአማካያቸው አንጻር አስቀምጡ። ቀስ ባለ እርምጃ ላይ ስህተቱ እንዴት እንደሚሰፋ ወዲያው ይታያችኋል።

ደረጃ 9፦ ካወቃችሁ በኋላ

ማረሚያ ቁጥራችሁን ጻፉ። ለምሳሌ «በተለመደ አረማመድ በ1.04 አባዛ፣ ጋሪ ስገፋ አትመነው»። ራሳችሁን ከራሳችሁ ጋር፣ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ቦታ አወዳድሩ። ሌላ መሣሪያ ካሰረ ጓደኛ ጋር መፎካከር ለጨዋታ ያህል ካልሆነ ትርጉም የለውም።

10,000 እርምጃ ካልሞላ ብላችሁም አትጨነቁ። ቁጥሩ የመጣው በ1965 ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ ማንፖኬ ከሚባል እርምጃ ቆጣሪ ነው። ስሙ ራሱ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች የሚመክረው በእርምጃ ሳይሆን በጊዜ ነው፤ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ። መካከለኛ መሆኑን ያለ ምንም ሴንሰር ማወቅ ትችላላችሁ። ለ30 ሰከንድ እርምጃችሁን ቁጠሩ። 50 ከሞላ በደቂቃ 100 ነው፤ ለአብዛኛው አዋቂ ይህ የመካከለኛ መነሻ ነው። ሰዓታችሁ የሚሰጠውን «ንቁ ደቂቃ» በዚህ ፈትኑት። 10 ደቂቃ በዚህ ፍጥነት ሂዱና ስንቱን እንደመዘገበ እዩ።

ሶፍትዌሩ በታደሰ ቁጥር፣ ማሰሪያ ወይም ስልክ በቀየራችሁ ቁጥር የ500ውን ፈተና ሁለት ጊዜ ድገሙ። ወረቀቱን ሰዓቱን ቻርጅ የምታደርጉበት ቦታ ላይ ለጥፉት። ጠጠሮቹንም እዚያው አስቀምጧቸው።